ግድግዳው ላይ ማን ይውጣ? የሰሜን ሸዋ ጸሐፍት፣ ሊቃውንትና ባለዜማዎች

መምህርት ዘጠባሴ

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ቤተሰቦች። ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፤ አማርኛ አስተምራለሁ። የትምህርት ቤታችን የሥነ ጽሑፍ ክበብ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድ ግድግዳ ተፈቅዶለታል። ከሰሜን ሸዋ የወጡ ሰዎችን ሥዕልና አጭር ታሪክ ልንለጥፍበት አስበናል። ስምንት ሰሌዳ ይይዛል፤ ጽሑፉን የሚያዘጋጁት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው።

እስካሁን የያዝኳቸው እነዚህ ናቸው፦ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ (መርሐ ቤቴ)፣ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም (ሰያደብር)፣ ከበደ ሚካኤል፣ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ (አሳግርት)፣ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ፣ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ (ሸንኮራ)። ስምንተኛውን ቦታ ለዜማ ሰው ትቼዋለሁ። ችግሬ እሱ ላይ ነው። የብዕሩ ሰው ሞልቶ ተርፎ የዜማው ሰው ሲጠፋብኝ ደስ አላለኝም። ማንን ትላላችሁ?

የመሐል ሜዳው

ስምንት ሰሌዳ? እሱ ለመንዝ ብቻም አይበቃ! ቀልዴን ነው እትዬ፣ ዝርዝሩ ጥሩ ነው። ኅሩይና ተክለ ሐዋርያት ላይ የሚከራከርሽ አይኖርም። ለዜማው ግን ሽለላና ፉከራ የሚያውቅ አንድ አዛውንት ፈልጊና ፎቶ አንሺው፣ በቃ።

ጮራ በረኸት

አፄ ዘርዐ ያዕቆብ የት ሄዱ? ከተማችንን የቆረቆሩ ንጉሥ እኮ ናቸው! በዚያ ላይ ፈላስፋ፣ ሐተታ የጻፉ። ፈረንጅ እንኳ በዩኒቨርሲቲ ያስተምራቸዋል። እሳቸውን ትቶ ሌላ ማን ሊሰቀል ነው?

ዲያቆን ዘሰላ ድንጋይ

ወንድሜ ጮራ፣ ሁለት ሰዎችን አንድ አደረግሃቸው። የሐተታው ዘርዐ ያዕቆብ በመጽሐፉ ውስጥ የአክሱም ሰው ነኝ፣ እንፍራዝ ተቀመጥሁ የሚለው ነው፤ ዘመኑም የአፄ ሱስንዮስና የአፄ ፋሲል ነው። እሱንም ቢሆን ጣልያናዊው ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው የጻፈው የሚሉ አሉ፤ ክርክሩ አልበረደም። የእኛው አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከእሱ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቀድመው የነበሩ ናቸው፤ በፈረንጅ ከ1434 እስከ 1468 ነገሡ።

በሌላው ግን እውነት አለህ። ከንግሥናቸው ይልቅ በመጽሐፋቸው የሚኖሩ ንጉሥ ናቸው። መጽሐፈ ብርሃንና መጽሐፈ ሚላድ የሚጠሩት በስማቸው ነው፤ የመዝሙር መጽሐፉ እግዚአብሔር ነግሠም ለእሳቸው ይሰጣል። ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ፣ 33ቱ የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ ሥርዓት ያጸኑ እሳቸው ናቸው። ዛሬ መንዝ ውስጥ አንዲት ባልቴት ዓርብ ምሽት እህል መፍጨት ትታ እጇን ስትታጠብ፣ በእሳቸው ዘመን ተጉለት ላይ የተቆረጠ ጉዳይ እየፈጸመች ነው። በፈረንጅ 1450 ደብረ ምጥማቅ ላይ ጉባኤ ተቀምጦ፣ ከግብፅ የመጡት ሁለቱ ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል ባሉበት፣ ሰንበተ አይሁድም፣ ማለት ቅዳሜ፣ እንደ እሑዱ እንዲከበር ተስማሙ። ለመቶ ዓመት የቆየው፣ ቅዳሜም ይከበር የሚሉት የኤዎስጣቴዎስ ልጆች ክርክር የተዘጋው እዚሁ እኛ አገር ነው። ይህን በየትኛው የትምህርት ቤት መጽሐፍ አይታችሁታል?

ጮራ በረኸት

እሺ ዲያቆን፣ ፈላስፋውን ለአክሱም መለስኩ። ንጉሡን ግን አልለቅም።

ሥርጉት

እኔ ግን እለቃለሁ። ደቂቀ እስጢፋኖስን እንዴት እንዳደረጓቸው ረስታችሁ ነው? ለመስቀልና ለሥዕል፣ ለንጉሥም አንሰግድም ስላሉ መነኮሳት ተወግረው የሞቱት ደብረ ብርሃን ነው። የንጉሡ ዜና መዋዕል ራሱ ነው የሚናገረው፤ ብርሃኑ ሰማይ ላይ የታየው መነኮሳቱ ከተወገሩ ከ38 ቀን በኋላ ነው። ንጉሡም እግዚአብሔር ሥራዬን ወደደልኝ ብለው ቦታውን ደብረ ብርሃን አሉት። የከተማችን ስም የመጣበትን ታሪክ ለልጆች ስንነግር ግማሹን ብቻ ነው የምንነግረው። ብርሃኑን እንጂ ድንጋዩን አናወራም።

ከዚህ በላይ ደግሞ የሚገርመኝ አለ። የእነዚያን መነኮሳት ገድል ወደ አማርኛ መልሰው «ደቂቀ እስጢፋኖስ በሕግ አምላክ» ብለው ያሳተሙልን ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ የሸንኮራው ሰው፣ አሁን እትዬ መምህርት ዝርዝር ላይ ያሉት። የንጉሡንም የነገረ ሃይማኖት ድርሰቶች መርምረው ያሳተሙት እሳቸው ናቸው። አሳዳጁንም ተሳዳጁንም በአንድ እጅ! በደርግ ዘመን ቤታቸው ድረስ በመጡ ወታደሮች በጥይት ተመተው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ፤ ከዚያ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ሄደው በማይክሮፊልም የተነሱ የግእዝ ብራናዎችን አንድ በአንድ ሲመረምሩ ዕድሜያቸውን ጨረሱ። በፈረንጅ 1988 የማክአርተር ሽልማት ሲሰጣቸው እዚህ ስንቱ ሰምቷል? ንጉሡ ከተሰቀሉ፣ ጎናቸው ጌታቸው ይሰቀሉና መነኮሳቱ በእሳቸው አንደበት ይናገሩ።

የመሐል ሜዳው

ሥርጉት ዛሬ ተነሥታለች።

ጡረተኛው መምህር

ልጆቼ፣ በደስታ እያነበብኩ ነው። እኔ ደግሞ በአለቃ ኪዳነ ወልድና በአለቃ ደስታ ላይ ጥቂት ልበል። መምህርት ሁለቱን በሁለት ሰሌዳ ለይታቸዋለች። እኔ በአንድ አደርጋቸው ነበር፤ እንዲያውም ሦስተኛ ሰው ጨምሬ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንኮበሩ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ሮም ላይ ከኢግናትሲዮ ጉዊዲ ጋር ሠርተዋል። በፈረንጅ 1901 የታተመው የጉዊዲ የአማርኛና የጣልያንኛ መዝገበ ቃላት የእሳቸው ዕውቀት አለበት። ኋላ ኢየሩሳሌም ተቀመጡ፤ ኪዳነ ወልድ ያገኟቸው እዚያ ነው። መምህሩ የጀመሩትን የግእዝ ሰዋስውና ግስ፣ ማለት መዝገበ ቃላት፣ ለተማሪያቸው ትተው ሞቱ። ኪዳነ ወልድ ሥራውን ሲያሰፉት፣ ሲያርሙት፣ ሲጨምሩበት ኖሩና እሳቸውም ሳያሳትሙት በ1936 ዓ.ም ዐረፉ። እንደገና ለተማሪ ተላለፈ። አለቃ ደስታ ተረክበው፣ አሰናድተው፣ በ1948 ዓ.ም አሳተሙት። ሽፋኑ ላይ የማንን ስም አወጡ? የመምህራቸውን! የራሳቸውን ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት ያሳተሙት ከዚያ በኋላ በ1962 ዓ.ም ነው።

አንድ መጽሐፍ ሦስት ዕድሜ በላ ማለት ነው። በአስተማሪነት ዘመኔ ተማሪዎቼ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለውን ትዕግሥት ለማመን ይቸገሩ ነበር። ዛሬ አንድ ሰው ሁለት ገጽ ግጥም ጽፎ ስሙን በትልቁ ያወጣል።

ሌላም ልንገራችሁ። ልጆች እነዚህን መዝገበ ቃላት ከፍተው የፈለጉትን ቃል አያገኙም፤ ተበሳጭተው ይመልሱታል። ሀ ሁ ሂ ብለው ስለሚፈልጉ ነው። መጻሕፍቱ የተደረደሩት በአበገደ፣ አ በ ገ ደ እያለ በሚሄደው ተራ ነው፤ አለቃ ኪዳነ ወልድ የፊደላችን ትክክለኛ ተራ እሱ ነው ብለው አጥብቀው ይከራከሩ ነበር። ተከታይ አላገኙም፤ እኔም ከሀለሐመ አልወጣሁም። ግን ሰሌዳው ሥር የአበገደን ተራ በትልቁ ጻፉላቸው፤ ልጁ ካነበበ በኋላ ወደ መደርደሪያው ሄዶ መጽሐፉን መክፈት ይችላል።

ስለ ተክለ ሐዋርያት ብዙ አልልም፤ ሩሲያ ተምረው መጥተው በ1913 ዓ.ም ገደማ የአውሬዎችን ኮሜዲያ አዘጋጁ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር ተባለ፣ መኳንንቱ ራሳቸውን በአውሬው ውስጥ ስላዩ በዘውዲቱ ዘመን ተከለከለ። ለልጆች ይኸው ይበቃል። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁም እሳቸው ናቸው፤ ግን ልጆች አውሬዎቹን ይወዳሉ።

መምህርት ዘጠባሴ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስቱን በአንድ ሰሌዳ አድርጌያለሁ። እንግዲህ አንድ ቦታ ተለቀቀ ማለት ነው።

የይፋቷ

ቦታ ከተለቀቀማ እኔም መጣሁ። አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ።

ሰሜን ሸዋ ስትሉ ሁልጊዜ ደጋው ላይ ትቀራላችሁ። ከጣርማ በር ቁልቁል ውረዱ እስኪ! ይፋት የወላስማዎች፣ የሙስሊም ሱልጣኖቹ፣ አገር ነበር። ኖራና አስባሪ ላይ ፍርስራሹ ዛሬም ቆሟል፤ መስጊድ፣ መቃብር፣ የድንጋይ ቤት። የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረው ያጠኑት ነው። እሱ ዘመን አለፈ ብትሉኝ፣ መንዙማ አላለፈም። መውሊድ ሲደርስ ድቤው ሲመታ፣ አንዱ አውጥቶ ሌላው ሲቀበል፣ ጭብጨባው ሲከተል ያደግኩበት ነው። አማርኛ አይደለም እንዴ? በዐረብ ፊደል የተጻፈ አማርኛ አለ፤ ዐጀሚ ይባላል። ሸህ ጠልሃ ጃዕፈር በአማርኛ የገጠሙት መንዙማ በዚያ ፊደል ነው የተጻፈው። አፄ ዮሐንስ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሙስሊሙ እምነቱን ይቀይር ባሉ ጊዜ ከተቃወሙት ዑለማዎች አንዱ ናቸው። ግጥማቸው ዱዓም ነው፣ አቤቱታም ነው፣ ትምህርትም ነው። ከፊደል በፊት በጆሮ ስለገባ፣ ማንበብ የማይችለውም ሰው በቃሉ ይዞታል።

እትዬ መምህርት፣ አማርኛ ነው የማስተምረው ካልሽ መንዙማም ያንቺው ክፍል ነው።

ዲያቆን ዘሰላ ድንጋይ

እህቴ፣ ተቀብያለሁ። ቦሩ ሜዳን ማንሳትሽም ጥሩ ነው፤ ያ ጉባኤ ለእናንተ ብቻ ሳይሆን ለሸዋ ካህናትም የመከራ ነበር። ሸዋና ደብረ ሊባኖስ ስለ ክርስቶስ ሦስት ልደት፣ የጸጋ ልጅ የሚለውን ትምህርት ይዘው ቆይተው ነበር። ቦሩ ሜዳ ላይ ምኒልክ ተቀምጠው እያዩ ትምህርቱ ተወገዘ። አንኮበር ላይ ለትውልድ ሲያከራክር የኖረ ነገር በአንድ ጉባኤ አበቃ። ደብረ ሊባኖስ ዛሬ በኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ ነው እንዳትሉኝ፤ ተክለ ሃይማኖት የተወለዱት ቡልጋ፣ ኢቲሳ ነው፤ ድንበሩ የመጣው ትናንት ነው።

ጮራ በረኸት

ሦስት ልደት፣ ሁለት ልደት… ዲያቆን፣ ይኼ ግድግዳው ላይ አይወጣም አይደል? ልጆቹ ያልቃሉ።

ዲያቆን ዘሰላ ድንጋይ

አይወጣም። ለአንተ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ወደ ዜማው ልመለስ፤ እትዬ መምህርት የጠየቀችው እሱን ነበር። ቅዱስ ያሬድን የሰሜን ሸዋ ሰው ማድረግ አንችልም። ዜማውን በምልክት የጻፉት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፤ እነሱም የእኛ አይደሉም። የእኛ የምንለው ስልቱ ነው። ስለ ዜማ ቤቶች ሲነገር ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብር እና ተጉለት ይባላል። ተጉለት ስሙን ለዜማ የሰጠ አገር ነው! ግን ያን ስልት ማን አወጣው፣ ማን ለማን አስተማረው ብትይኝ፣ የኔታ ከየኔታቸው፣ እሳቸውም ከየኔታቸው። ሥዕል የሚሣልለት ሰው አላገኝልሽም።

ቅኔውም ያው ነው። ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት፣ ዘአምላኪየ በሦስት፣ መወድስ በስምንት፤ ልኩ ሳይዛነፍ ስንት መቶ ዓመት ኖሯል። ቅኔው ራሱ ግን በማኅሌቱ ላይ አንዴ ተዘርፎ ያልቃል። ነገ ደግሞ የዛሬውን መድገም ነውር ነው። የሰው ቅኔ ሰርቆ የተቀኘ ተማሪ ቅኔ ቤት ውስጥ ምን እንደሚጠብቀው የቀመሰ ያውቀዋል። መልክኡን፣ ለቅዱሳን የሚደረሰውን የውዳሴ ግጥም፣ ውሰጂ፦ አምስት አምስት ስንኝ፣ እያንዳንዱ አርኬ ቤት የሚመታ፣ ከጠጉር ጀምሮ እስከ እግር ጥፍር «ሰላም ለ…» እያለ የሚወርድ። ስንቱ መልክእ የደራሲው ስም የለበትም። እንግዲህ ለምን ሰው እንፈልጋለን? ቅርጹን እንስቀለው።

ሥርጉት

እስኪ ዝርዝሩን እንደገና እዩት። አንዲት ሴት የለችም። ማንም አላስተዋለም?

የመሐል ሜዳው

እውነትሽን ነው። እኔም አላየሁም።

ሥርጉት

ሴቶቹ የሉም አይደለም፤ እኛ የምንቆጥረው በወረቀት ላይ ያለውን ስለሆነ ነው። መንዝ፣ ግሼ፣ ሞረት፣ የትም ለቅሶ ሂዱ። ሙሾ የምታወርደዋ ሴት ሟቹን በግጥም ነው የምታቆመው፤ አባቱን፣ ሙያውን፣ ጥሉን፣ ያልከፈለውን ዕዳ ሳይቀር። በዚያ ቅጽበት ትገጥማለች፣ ከዚያ ታልፋለች። አያቴ አልቃሽ ነበሩ። ከሦስት ቀበሌ ማዶ ይጠሩ ነበር። ግጥማቸውን አንድም ሰው አልጻፈውም፤ እኔም ጭምር።

እና ይህን ሙሾ በመጽሐፍ የያዘ ማን ነው? ኅሩይ! በ1910 ዓ.ም «የለቅሶ ዜማ ግጥም» የሚል መጽሐፍ አሳትመዋል፤ ምስጢሩ ከመጻሕፍት ጋር የተስማማ ብለውታል። ካህናቱ ከልክ ያለፈ ለቅሶ ይቃወሙ ነበር፤ ደረት መድቃቱን፣ ፊት መንጨቱን። ኅሩይ የመረጡት መንገድ ሙሾውን ማጥፋት ሳይሆን በውስጡ ቅዱስ መጽሐፍን ማስገባት ነው። ሥነ ሥርዓቱን አክብሮ ይዘቱን የመቀየር ብልሃት ነው። እኔ በበኩሌ ያልተስማማውን፣ የአያቴን ዓይነት፣ እመርጥ ነበር። ቢሆንም ኋላ ሚኒስትር የሆነ ሰው ሙሾን ለማተሚያ ቤት ይመጥናል ብሎ ማሰቡ ትልቅ ነገር ነው።

ጡረተኛው መምህር

ሥርጉት ልጄ፣ ይህን ባለማንሳቴ አፈርኩ። ኅሩይን ሁሉም የሚያውቃቸው በወዳጄ ልቤ፣ በአዲስ ዓለምና በጃፓን ጉዟቸው ነው። በ1904 ዓ.ም በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት ቆጥረው ዝርዝራቸውን ያሳተሙም እሳቸው ናቸው። ከመርሐ ቤቴ ተነሥተው እንጦጦ ራጉኤል ተምረው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑ ሰው፣ በስደት እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ እስኪሞቱ ድረስ የቆጠሩትና የሰበሰቡት ከጻፉት አያንስም። ሰሌዳቸው ላይ ልቦለዱን አሳጥሩና ይኼን አስረዝሙት።

ስለ ድምፅ ደግሞ፦ ዘፋኙ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በፈረንጅ ከ1908 እስከ 1910 ባሉት ዓመታት በርሊን ላይ ድምፃቸው በሸክላ ተቀርጾ ባይቀር፣ ዛሬ ስማቸውን ማን ያነሳ ነበር? በዚያው ዘመን መሰንቆ ይዞ በየሰርግ ቤቱ የዞረው አዝማሪ ሁሉ ከእሳቸው ያንሳል ማለት ነው? ሸክላ ስላላገኘ ነው።

የመሐል ሜዳው

እንግዲያውስ ያ ስምንተኛ ሰሌዳ ሥዕል አይኑርበት። ስልክ ይኑርበት። ልጆቹ ቅዳሜና እሑድ ወደየቤታቸው ሲሄዱ ይቅረጹ። የመሐል ሜዳ ልጅ የእረኛ ዋሽንትና ፉከራ፣ የሸዋ ሮቢት ልጅ መንዙማ፣ የሰላ ድንጋይ ልጅ የየኔታን ዜማ፣ ሌላው የሴት አያቱን ሙሾ። ያቺን ትንሽ ጥቁርና ነጭ ካሬ፣ በስልክ ሲያነሷት ድምፁን የምትከፍተዋን፣ ግድግዳው ላይ ይለጥፉ። የእኔ ወንድም ልጅ ምግብ ቤት ውስጥ የዋጋ ዝርዝር በዚያች ነው የሚያሳየው፤ ለፉከራ አትሆንም?

የይፋቷ

ይኼ ጥሩ ነው! ግን ፈቃድ ጠይቁ። ሐድራ፣ የዱዓና የመንዙማ ስብሰባው፣ ላይ ስልክ ይዞ የሚገባን ልጅ ሽማግሌዎቹ አይወዱም። በመውሊድ ይሻላል፣ አደባባይ ስለሆነ። አጎቴን አነጋግራለሁ፤ ሸዋ ሮቢት ያሉ ልጆች ካሉሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ሥርጉት

ለሙሾም እንደዚያው። የሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ መቅረጽ አይሆንም። አልቃሿን ቤቷ ሄዶ፣ ቡና አፍልቶ፣ ለቆየ ሟች የተገጠመውን እንድታስታውስ መጠየቅ ነው። አንዳንዷ ያለ ለቅሶ አይመጣልኝም ትላለች፤ አትጫኗት።

ዲያቆን ዘሰላ ድንጋይ

የኔታን እኔ እጠይቃለሁ። በጾም ወራት አይሞከርም፣ ጊዜ የላቸውም። ከበሮና ጽናጽል የሌለበት ተራ የቃል ዜማ ከሆነ ለልጆቹም ይቀላል።

መምህርት ዘጠባሴ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዲህ የወሰንኩት ይኸው፦ ኅሩይ ከሙሾው መጽሐፋቸው ጋር፤ ተክለ ሐዋርያት ከአውሬዎቹ ጋር፤ ከበደ ሚካኤል፤ ተክለ ጻድቅ፤ ክፍለ ጊዮርጊስ፣ ኪዳነ ወልድና ደስታ በአንድ ሰሌዳ፣ አበገደ ከሥር፤ አፄ ዘርዐ ያዕቆብና ጌታቸው ኃይሌ ጎን ለጎን በሁለት ሰሌዳ፣ የመነኮሳቱ ነገር ሳይደበቅ። ስምንተኛው የድምፅ ነው። ርእሰ መምህሩን ስለ ንጉሡ ሰሌዳ ማሳመን እንደሚጠይቀኝ አውቃለሁ፤ ብርሃኑን ብቻ ጻፉ ማለታቸው አይቀርም።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ከበደ ሚካኤልን እንዴት ላስቀምጣቸው? ልጆቹ ግጥማቸውን በቃላቸው ያውቁታል፣ ስለ ሰውየው ግን ምንም።

ጡረተኛው መምህር

ግጥሙን በቃላቸው ካወቁት፣ ሥዕሉን ለጥፈሽ ከሥሩ ባዶ ወረቀት ተዪ። የሚያውቁትን ራሳቸው ይጻፉበት። ስሕተት ካለው እኔ መጥቼ አርማለሁ፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠባሴ እመጣለሁ።